አያቴ፣ ራማ እና በስምንት የሚቆጥሩት እንግዶች

የዛሬው ጨዋታችን ስለ ጨዋታ ነው። ገበጣም ካርታም አይደለም፤ የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። "በዚህ ዕድሜው ምን ነካው?" የምትሉኝ ካላችሁ አልፈርድባችሁም። ብቻ ታገሱኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ሒሳብ ያስመረራት አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ደግሞ በየቤታችን አይጠፋም።

ጊዜው 1993 ዓ.ም. ነው። ናዝሬት ላይ በአንድ ጠባብ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። (አዳማ ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ሰፈር ውስጥ ሁለቱም ስም ይሠራል፤ እኔም እንደ አፌ ልጥራት።) ቀን ቀን ዎርድና ኤክሴል አስተምራለሁ፣ ማታ ማታ የተበላሹ ማሽኖች እጠግናለሁ። ከጥገናው በኋላ በሩን ቆልፌ የምጫወትበት ሰዓት የእኔ ነው። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ጓደኛዬ የተገለበጡ ሲዲዎች ሰጠኝ። በላያቸው በእስክሪብቶ የተጻፈው "ራማ" ይላል።

"መዝሙር ነው እንዴ?" አልኩት።

በእናቴ በኩል ቤተ ክርስቲያን ያሳደገችኝ ልጅ ነኝ። ለእኔ ራማ ማለት ከኢዮርና ከኤረር ጋር ስሟ የሚጠራ የመላእክት ከተማ ናት። ጓደኛዬ ሳቀና "አይ፣ ይሄኛው ከህንድ ነው" አለኝ። እሱም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። የታሪኩ ደራሲ እንግሊዛዊው አርተር ሲ ክላርክ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ኑሮውን በስሪላንካ አድርጎ እዚያው በ2008 ያረፈ ሰው። "ሮንዴቩ ዊዝ ራማ" የተባለውን ልብ ወለድ ያሳተመው በ1973 ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ የከዋክብት ተመራማሪዎች የግሪኩንና የሮማውን የአማልክት ስም ለሰማይ አካላት ሰጥተው ስለ ጨረሱ ወደ ሂንዱ አማልክት ተሻግረዋል። እ.ኤ.አ. በ2131 ከሩቅ እየከነፈ ወደ ፀሐያችን የመጣውን ነገር ራማ አሉት። መጀመሪያ አለት መስሏቸው ነበር። ቀርበው ሲያዩት ግን የተሠራ ዕቃ ሆኖ ተገኘ።

ምን ያህል ዕቃ? ቁመቱ 50 ኪሎ ሜትር፣ የአግድሙ ስፋት 20 ኪሎ ሜትር የሆነ በርሜል አስቡ። በእኛ አገር ልኬት ከአዳማ ተነሥታችሁ ቢሾፍቱ እስክትደርሱ ድረስ ገና ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እየሄዳችሁ ነው። ወርዱ ደግሞ የዝዋይን ሐይቅ በሰፊው ቦታ ላይ ያህላል። በርሜሉ በየአራት ደቂቃው አንድ ጊዜ በራሱ ላይ ይሽከረከራል። ሽክርክሪቱ በውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ግድግዳው ስለሚገፋው ሰው በውስጠኛው ግድግዳ ላይ እንደ ሜዳ ይራመዳል። በመካከሉ ቀለበት ሠርቶ የሚዞር ባሕር አለ። ዝዋይ ዳር ቆማችሁ የሐይቁ ግራና ቀኝ ቀስ እያለ ወደ ላይ ሲታጠፍና ከራሳችሁ በላይ ሲገጥም ይታያችሁ፤ የራማ ባሕር እሱ ነው። በባሕሩ ላይ ደሴት አለ፤ ሰዎቹ ሕንፃዎቹን አይተው "ኒውዮርክ" ብለውታል። እኔ ግን ይህን ደሴት ሳስብ ሁልጊዜ በዓይኔ የሚመጣው ቱሉ ጉዶ ነው። የዛይ ሰዎች የሚኖሩበት፣ የግእዝ ብራናዎች ተጠብቀው የቆዩበት የዝዋይ ደሴት። በጀልባ ተሻግሮ የማያውቁትን ጽሑፍ ለማንበብ መሞከር፣ ጨዋታውም በአጭሩ ይኸው ነው።

ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1996 ወጣ። የሠራው ዳይናሚክስ የሚባል ድርጅት ሲሆን ያሳተመው ሲየራ ነው። ታሪኩ ከክላርክ የመጀመሪያው መጽሐፍና ክላርክ ከጄንትሪ ሊ ጋር ሆኖ በ1989 ካሳተመው "ራማ ሁለት" የተቀዳ ነው። ጄንትሪ ሊ ተራ ደራሲ አይደለም፤ ወደ ማርስ በተላከችው በቫይኪንግና ወደ ጁፒተር በተላከችው በጋሊሊዮ ሥራ ላይ የተሳተፈ መሐንዲስ ነው። መሐንዲስ ልብ ወለድ ሲጽፍ የሚመጣውን መገመት ትችላላችሁ፤ ገጸ ባሕርያቱ ይነታረካሉ፣ ማሽኖቹ ግን በትክክል ይሠራሉ።

እንዲህ ዓይነት ጨዋታ ከዚያ በፊትም ነበር። የክላርክ የመጀመሪያው መጽሐፍ ራሱ በ1984 በጽሑፍ የሚካሄድ ጨዋታ ሆኖ ወጥቶ ያውቃል። በዚያው ዓመት የዳግላስ አዳምስ "ዘ ሂችሃይከርስ ጋይድ ቱ ዘ ጋላክሲ"፣ በ1992 ደግሞ የፍሬድሪክ ፖል "ጌትዌይ" ተከትለዋል። በእነዚህ ጨዋታዎች የሚተኮስ የለም፣ የሚሮጥም የለም። አንድ ቦታ ትደርሳላችሁ፤ በሩ ተዘግቷል። ቁልፉ ያለው እጃችሁ ላይ ሳይሆን ጭንቅላታችሁ ውስጥ ነው። እንደ እንቆቅልሽ ነው፤ "ምን አውቅልህ" ብሎ አገር ሰጥቶ መገላገል ግን የለም።

በራማ ውስጥ እናንተ ዘግይቶ ከቡድኑ የተቀላቀለ ጠፈርተኛ ናችሁ። ባልደረቦቻችሁ በእውነተኛ ተዋንያን የተቀረጹ ስለሆኑ በትንሽ መስኮት ብቅ እያሉ ያናግሯችኋል። ክላርክ ራሱ ሳይቀር በቪዲዮ ብቅ ይላል። ከመጽሐፉ ሰዎች እኔ የወደድኳት ኒኮል ደ ዣርዳን የተባለችውን ሐኪም ነው። አባቷ ፈረንሳዊ፣ እናቷ ከአይቮሪኮስት የሴኑፎ ሕዝብ ወገን ናት። ኒኮል የአያት ቅድመ አያቶቿን ነገር በልቧ ይዛ ወደ ጠፈር የሄደች ሴት ናት። በ1980ዎቹ የተጻፈ የነጭ ልብ ወለድ አፍሪካዊ ደም ያላትን ሴት እንዲህ በክብር ዋና ሰው ማድረጉ ያኔ ገርሞኝ ነበር፤ ዛሬም ይገርመኛል።

ወደ በሩ ልመለስ። የራማ እንቆቅልሾች አብዛኞቹ የሒሳብ ናቸው። ጨዋታው የሚያቀርበውም የእኛን ሒሳብ አይደለም፤ በስምንት የሚቆጥርና በአሥራ ስድስት የሚቆጥር ሒሳብ ነው። መጀመሪያ እንግዳው ምልክት የትኛውን ቁጥር እንደሚወክል ትፈልጋላችሁ፣ ከዚያ በእነሱ አቆጣጠር ትደምራላችሁ፣ መልሱን በእነሱ ምልክት ትመልሳላችሁ። በመጽሐፉ ውስጥ ኦክቶስፓይደር የሚባሉ፣ ስምንት እጅና እግር ያላቸው ፍጡራን አሉ፤ የሚነጋገሩት በቀለም ነው። እኛ አሥር ጣት ስላለን በአሥር ቆጠርን፤ እነሱ በስምንት ቢቆጥሩ ማን ይፈርድባቸዋል?

እኔ ግን ፈረድኩባቸው። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድ ቦታ ተቸክዬ ቀረሁ። ዛሬ እንደሚደረገው መልሱን ከኢንተርኔት መፈለግ የሚታሰብ አልነበረም፤ ኢንተርኔት በደቂቃ የሚከፈልበት ነገር ነበር፣ ደመወዜ ደግሞ አትጠይቁኝ። ወረቀት ላይ ምልክቶቹን ደርድሬ እደምራለሁ፣ እቀንሳለሁ፣ በሩ አይከፈትም። መብራት ይጠፋል፤ ሲመጣ ከመጀመሪያው እጀምራለሁ።

በዚያ ሰሞን አያቴ ለሕክምና ከወለንጪቲ በኩል ካለው ገጠር መጥተው እኔ ጋ አረፉ። የአባቴ አባት ናቸው፤ በኦሮምኛ አካኮ ነው የምንላቸው። 78 ዓመታቸው ነበር፤ ማንበብ አይችሉም። ቤት ብቻቸውን እንዳይሆኑ ማታ ማታ ወደ ሥራ ቤት ይዣቸው እሄዳለሁ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንበር ላይ ይቀመጡና ስክሪኑን ያያሉ። አንድ ማታ ወረቀቱን ጨምድጄ ስወረውር አዩኝ።

"ምን ሆነህ ነው ኢልማ ኮ?" አሉኝ።

"እነዚህ ሰዎች አቆጣጠራቸው አልገባኝ አለ አካኮ። ስምንት ቁጥር የላቸውም። ሰባት ካሉ በኋላ ወደ መጀመሪያው ይመለሳሉ።"

አካኮ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ልክ የሞኝ ጥያቄ እንደጠየቅኋቸው ሁሉ፣ "ስምንት ሲሞላማ ገዳው ይለወጣል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?" አሉኝ።

ቀጥ ብዬ ቀረሁ።

እንደምታውቁት በገዳ ሥርዓት ሥልጣን የሚተላለፈው በየስምንት ዓመቱ ነው። ተራ የሚጠብቁት ወገኖች አምስት ስለሆኑ ዙሩ ተመልሶ እዚያው የሚደርሰው በ40 ዓመት ነው። እንደ አካኮ ያሉ ሽማግሌዎች "መቼ ሆነ?" ሲባሉ ዓመተ ምሕረት አይጠሩም፤ "የእገሌ ገዳ በገባ በሦስተኛው ዓመት" ይላሉ። ገዳው አንድ ቦታ፣ ዓመቱ ሌላ ቦታ። በስምንት መቁጠር ማለት ደግሞ ከዚህ ሌላ ምንም አይደለም! የቀኙ አኃዝ ዓመት ነው፣ የግራው አኃዝ ገዳ ነው። ዓመቱ ሰባት ይደርስና ስምንተኛው ሲሞላ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ በግራ በኩል አንድ ገዳ ይጨመራል። ስለዚህ ስምንት "10" ተብሎ ይጻፋል፤ አንድ ገዳ ከምንም። አርባ ዓመት "50" ይሆናል፤ አምስት ገዳ ከምንም። አምስቱ ወገኖች እዚያችው "50" ውስጥ ቁጭ ብለው ይታያሉ፤ እኛ በምንጽፈው 40 ውስጥ ግን አይታዩም።

የጨዋታውን መልስ እንዳላበላሽባችሁ የራሴን ምሳሌ ልስጥ። አምስትና ስድስት ስንት ነው? እኛ 11 እንላለን። አካኮ ግን "አንድ ገዳ ከሦስት ዓመት" ይላሉ፤ ሲጻፍ 13። እኔ ሦስት ሳምንት የተሳሳትኩት እዚህ ላይ ነበር። ምልክቶቹን በትክክል አንብቤ፣ ስደምር ግን አሥር እስኪሞላ እጠብቅ ነበር። በዚያ ማታ "ስምንት ሲሞላ ገዳ ይለወጣል" እያልኩ ደመርኩ። በሩ ተከፈተ። አካኮ "አየህ?" አሉና ሻይ እንዲመጣላቸው ጠየቁ።

ይህ አቆጣጠር የትናንት አይደለም። አባ ባሕርይ የተባለው መነኩሴ በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲጽፍ ሉባዎቹ በየስምንት ዓመቱ እንደሚተካኩ መዝግቧል። ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ ገዳን በሰፊው ያጠናበት መጽሐፍ የታተመው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ክላርክ "ራማ"ን ባሳተመበት ዓመት። አንዱ በስሪላንካ ቁጭ ብሎ የሩቅ እንግዶችን ሲያልም፣ ሌላው የቦረናን የዘመን አቆጣጠር በወረቀት ላይ ያሰፍር ነበር። ዩኔስኮ ገዳን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ባካሄደው ስብሰባ ነው። በዓሉን በቴሌቪዥን አይተናል፤ ጭፈራውንም እንዲሁ። ስለ ሒሳቡ ግን ያነሣ ሰው አልሰማሁም።

የአሥራ ስድስቱስ? ለዚህ ደግሞ የእናቴ ወገኖች ደረሱልኝ። በምኒልክ ዘመን የወጣው ብር መጀመሪያ በ20 ግርሽ፣ ኋላ ግን በ16 ግርሽ ይመነዘር ነበር። በመቶ የሚመነዘረው "መቶኛ" የመጣው በ1923 ዓ.ም. ነው። እንግዲህ በዚያን ጊዜ የነበረ ነጋዴ 1 ብር ከ9 ግርሽ እና 2 ብር ከ12 ግርሽ ሲደምር፣ 9 እና 12 ሃያ አንድ ይሆንበታል፤ 16ቱን ወደ አንድ ብር ለውጦ 5 ግርሽ ያስቀራል፤ ድምሩ 4 ብር ከ5 ግርሽ። የኮምፒውተር ሰዎች "ሄክሳዴሲማል" ብለው አስፈሪ ስም የሰጡት ይህንኑ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ላሉት ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ምልክት ያስፈልጋል፣ ፈረንጆቹ ስላጠራቸው የላቲን ፊደል ተበድረዋል። እኛ ለአሥር "፲" የሚል አንድ ምልክት በእጃችን አለን። ለሌሎቹ ግን እኛም መበደራችን አይቀርም። የግእዝ አኃዝ ዜሮ ስለሌለው ለዚህ ሥራ ብዙ አያመችም፤ የሌለንን አለን ማለት ደግ አይደለም።

አሁን ወደ ልጅቷ። የእህቴ ልጅ ናት። ባለፈው 2017 ዓ.ም. ክረምት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ልትገባ ሁለት ወር ሲቀራት እኔ ጋ መጣች። የመጣችው ለማረፍ አይደለም፤ እናቷ "እባክህ ሒሳቡን አንድ ነገር አድርግላት" ብላ ልካት ነው። የምትማርበት ትምህርት ቤት ክፍያው ከባድ ነው፤ አስተማሪው ግን "ገባችሁ?" ብሎ መልስ ሳይጠብቅ የሚያጠፋ ዓይነት ነው አለችኝ። እናትየውን ያስፈራት የታወቀው ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 ደግሞ 5.4። እኔን ያስፈራኝ ሌላ ነው። ልጅቷ "ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም" ስትል ድምጿ ውስጥ ንዴት እንኳ የለም። ንዴት ቢኖር ደስ ባለኝ። ደብተሯን ሳገላብጥ ባይነሪ፣ ኦክታል፣ ሄክሳዴሲማል የሚል ርዕስ አየሁ። ሥሩ ሦስት ገጽ ሙሉ ከሰሌዳ የተገለበጠ ስሌት አለ፤ አንዱንም ለምን እንደምትሠራው አታውቅም።

የድሮ ሲዲዎቼን ከሣጥን አወጣሁ። አንዱ ተቧጥጦ ነበር፤ ቢሆንም ተነበበ። ጨዋታው ለዊንዶውስ 95 ዘመን የተሠራ ስለሆነ አዲሱ ኮምፒውተር አላውቀውም አለ። ልጅቷ ራሷ አዲሱን ማሽን እንደ አሮጌ የሚያስመስል ነጻ ፕሮግራም ፈልጋ ጫነችው፤ እኔ አሁን እነዚህን ነገሮች ለወጣቶች ትቻለሁ። ምስሉ ለእሷ ዓይን ያረጀ ነው፤ "አጎቴ፣ ይሄ እኮ ፓወር ፖይንት ነው የሚመስለው" ብላ ስቃለች። ተዋንያኑ ሲያወሩ ስልኳን ታያለች። በሩ ጋ ስትደርስ ግን ስልኩ ተቀመጠ።

መልሱን አልነገርኳትም። ስለ አካኮ ብቻ ነገርኳት፤ እሳቸውን አልደረሰችባቸውም። ገዳው አንድ ቦታ፣ ዓመቱ ሌላ ቦታ። ትንሽ አሰበችና እስክሪብቶ አነሣች።

"እኔ 17 ነኝ... ሁለት ገዳ ከአንድ ዓመት። ሃያ አንድ ነኝ ማለት ነው! ለእናቴ ልንገራት?"

"ንገሪያት" አልኩ። እኔ 46 ነኝ፤ በዚህ ሒሳብ 56 ሆኜ አረፍኩት። በዚያው ማታ የአካኮን የ78 ዓመታቸውን ዕድሜ ሠራችው። ዘጠኝ ገዳ ከስድስት ብላ ጻፈችና ቆመች። "ዘጠኝ የሚባል እኮ እዚህ የለም" አለች። እዚህ ላይ አልረዳኋትም፤ ወጥቼ ቡና አስፈላሁ። ስመለስ ስምንት ገዳ ሲሞላ ሌላ ሦስተኛ ቦታ እንደሚከፈት ራሷ ደርሳበታለች። "116!" ብላ ወረቀቱን አሳየችኝ። አንድ ስልሳ አራት፣ አንድ ስምንት፣ ስድስት። ደምሩት፤ ትክክል ነው።

ፈተናውን እንደምታልፍ ቃል አልገባላችሁም፤ ለእናቷም አልገባሁም። ጨዋታው ትሪጎኖሜትሪ አያስተምርም። ደግሞም ክረምቱን ሁሉ ስለተጫወተች ፊዚክሱ ወደ ኋላ ቀርቶባት እህቴ በስልክ ጥሩ አድርጋ ወቅሳኛለች፤ ይገባኛል። ነገር ግን መስከረም ላይ ስትሄድ ሲዲዎቹን ይዛ ሄደች፤ ደሴቱ ጋ ደርሳ ነበር። እስከ ዛሬ መልስ አልጠየቀችኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ደወለችልኝ።

"አጎቴ፣ አካኮ በስንት ዓመታቸው ነው ያረፉት?"

"በ82። በ1997 ዓ.ም."

ጸጥ አለች፤ የእስክሪብቶ ድምፅ ይሰማኛል።

"122" አለችና ስልኩን ዘጋችው።